ጽዋው ጥላነሽ ቤት ነው

ትዕዛዙ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት ያስተምራል። እኔ ሒሳብ ነው የማስተምረው። የእኔ ይሻላል። አምስት ሲደመር ሰባት አሥራ ሁለት ነው ብዬ ስወጣ መንገድ ላይ አስቁሞ ውሸታም የሚለኝ የለም። እሱ ግን «ዜጎች ሁሉ እኩል ናቸው» ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራግፎ ወደ ይጁቤ ገበያ ሲወርድ፣ እናቱ ጥላነሽ ከእነ ድስቶቿ ከሰው ሁሉ ራቅ ብላ ዳር ላይ ተቀምጣ ያገኛታል። ተማሪዎቹም ያዩታል።

እንድሪስ እባላለሁ። የወሎ ሰው ነኝ፤ ለሥራ መጥቼ እዚሁ ሸበትኩ። ከትዕዛዙ ጋር የአንድ ግቢ ተከራዮች ነን። ክፍሎቻችንን የሚለያቸው አንድ የጭቃ ግድግዳ ስለሆነ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከአልጋዬ ሳልነሳ ነው። ስለ እሱ የምጽፈው እሱ ስለማይጽፍ ነው። ደክሞታል። ሠላሳ ሳይሞላው እንደ ጡረተኛ የደከመው ሰው ከእሱ ሌላ አላየሁም።

የተወለደው ከከተማው ቁልቁል፣ ከኪዳነምሕረት ቤተ ክርስቲያን በታች ባለው የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው። አባቱ ዋኘው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ማረሻና ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር። የአካባቢው ገበሬ በዋኘው ማረሻ ያርሳል፣ በጥላነሽ ድስት ወጥ ይሠራል፣ ከሁለቱ ጋር ግን አይበላም። ሲያከብሯቸው ባለእጅ ይሏቸዋል። ሳያከብሯቸው ቡዳ ነው የሚሏቸው፤ ዐይናቸው ይበላል ይባላል፣ ሰው ሲጎርስ ካዩት ሆዱን ይቆርጡታል ይባላል። ክርስቲያኖች ናቸው። ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ፣ ልጅ ያስጠምቃሉ። ማኅበር ግን አይገቡም፣ ሰንበቴም አብረው አይጠጡም።

እኔ ሙስሊም ነኝ። በዚህ ከተማ የእኔ ነገር ቀላል ነው። እነሱ ያረዱትን እኔ አልበላም፣ እኔ ያረድኩትን እነሱ አይበሉም፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይቀየምም። በበዓላቸው ለስላሳ ከፍተው ከፊቴ ያኖራሉ፣ በዒዴ እንኳን አደረሰህ ብለው ይመጣሉ። የእኔ ልዩነት ስም አለው፣ ወግ አለው። የትዕዛዙ ምንም ወግ የለውም። ሁሉም እያወቀው ማንም የማይናገረው ነገር ነው፤ ስለዚህ መልስ እንኳ ሊሰጥበት አይችልም።

ትንሽ ሳለ ትምህርት ቤት የመጠጥ ውሃው በአንድ ጀሪካን ይመጣ ነበር፣ መጠጫውም አንድ ጣሳ ነበር። ትዕዛዙ መጨረሻ ላይ ነው የሚጠጣው። ማንም አላዘዘውም፤ አንድ ቀን ቀድሞ ጠጥቶ ከኋላው ያሉት ሁሉ ሳይጠጡ ወደ ክፍል ሲገቡ አይቶ ራሱ ተማረ። ይህን የነገረኝ እየሳቀ ነው። እኔ አልሳቅኩም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ሌላ አገር ሄደ፤ እዚያ ከየት ነህ ሲሉት ከጎጃም ነኝ ይላል፣ ነገሩ በዚያ ያበቃል። ከመኝታ ክፍል ጓደኞቹ ጋር ከአንድ ሳህን ይበሉ ነበር፤ እሱ ቀስ ብሎ ስለሚበላ ቶሎ ጉረስ እያሉ ይሰድቡት ነበር። «የተሰደብኩት ስድብ ሁሉ እንደዚያ ቢጣፍጥ» ይለኛል።

ወንድሙ ፈቃዱ አዲስ አበባ ነው፤ በር እና መስኮት ይበይዳል። በደወለ ቁጥር «ና፣ እዚህ የማን ልጅ ነህ የሚልህ የለም» ይለዋል። ትዕዛዙ አይሄድም። እናቱን ጥሎ አይሄድም፣ እሷም ጭቃዋን ጥላ አትሄድም። ከእኛው ትምህርት ቤት መምህርት ፅጌ ጋር አንድ ሰሞን ይዋደዱ ነበር። ሽማግሌ ልላክ ሲላት ፅጌ አለቀሰች እንጂ እንቢ አላለችም። ሽማግሌም አልተላከም። አሁን በእረፍት ሰዓት ሁለቱም የየራሳቸውን ደብተር ያርማሉ።

ውጊያው በአካባቢው ከገባ ወዲህ መንገዱ አንድ ጊዜ ይከፈታል፣ ሌላ ጊዜ ይዘጋል። አንድ ቀን እኔ፣ ትዕዛዙና አከራያችን ጋሽ ሙላት ወደ ደብረ ማርቆስ ስንሄድ ፍተሻ ላይ ከሚኒባሱ አስወረዱን። መታወቂያ አዩ። ወጣቶቹን ለብቻ አቆሟቸው፣ ትዕዛዙንም ከእነሱ ጋር። ወታደሩ መታወቂያው ላይ ያየው እንደ ሌሎቹ ሁሉ የዚህ አገር ልጅ መሆኑን ነው፤ የሸክላ ሠሪ ልጅ የሚል ነገር አልተጻፈበትም። በመጠርጠር ከሌሎቹ ጋር እኩል ሆነ። ያኔ ጋሽ ሙላት ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ወታደሩ ቀረበና፣ «የእኔ ጌታ፣ ይሄ የእኛ ልጅ ነው። አስተማሪ ነው። በእጄ ነው ያደገው» አለ። በእጁ አላደገም። ቢሆንም ቆራጥነት ነበር፤ በዚያ ቀን ለሌላ ሰው ዋስ መሆን ቀላል አልነበረም። ወታደሩ ትዕዛዙን ለቀቀው።

ማታ በግድግዳው በኩል ጠራኝ። «ጋሼ፣ ዛሬ የእነሱ ልጅ ሆንኩ እኮ።»

«ከዛሬ በፊትስ የማን ነበርክ?»

«የጥላነሽ» አለ፣ ከዚያ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁት።

ጋሽ ሙላት ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ኋላ የምለውን ስል እንዳይረሳ። በግብርና ጽሕፈት ቤት ሠርቶ ጡረታ የወጣ፣ ሬዲዮ የሚሰማ፣ ለትዕዛዙ ቤት ሲያከራይ ሰው ሁሉ ሲያጉረመርም «ምን አገባችሁ» ያለ ሰው ነው። በየወሩ በአሥራ ስድስት የሚጠጣው የኪዳነምሕረት ማኅበር ሙሴም እሱ ነው፤ ሙሴ የሚሉት የማኅበሩን መሪ ነው። ማኅበሩ ከቤት ቤት ይዞራል። ተረኛው ይደግሳል፣ ካህን ይባርካል፣ ይበላል ይጠጣል፣ በመጨረሻም በጥልፍ ጨርቅ የተሸፈነውን ጽዋ የሚቀጥለው ተረኛ ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይወስዳል። ጽዋው ያለበት ቤት የሚቀጥለው ወር ድግስ የሚደገስበት ቤት ነው። ጽዋ ደግሞ አንዴ ከተነሳ አይመለስም። የመለሰም ያስመለሰም እመቤታችንን አስቀየመ ይባላል።

የጥቅምት አሥራ ስድስት ማኅበር በጋሽ ሙላት ቤት ነበር። ትዕዛዙ እንደ ልማዱ አግዳሚ ወንበር አወጣ፣ ውሃ ቀዳ፣ ዳሱን ወጠረ። እንዲህ ባለው ሥራ ሰፈሩ ውስጥ የሚያህለው የለም። ምግብ ሲቀርብ ደግሞ ራሱ ይጠፋል፤ ማንም ሂድ ብሎት አያውቅም። በዚያ ቀን ካህኑ አዲስ ነበሩ። አባ ወልደ ሚካኤል ይባላሉ፤ ከደብረ ኤልያስ በኩል በቅርቡ ተዛውረው የመጡ፣ ብዙ የተማሩና ጥቂት የሚናገሩ ሽማግሌ ናቸው። የከተማውን ሰው ገና ለይተው አላወቁም።

ተበልቶ ተጠጥቶ ሲያበቃ አባ ተነሱና «ተረኛው ማነው?» አሉ።

«ታረቀ ነበር» አለ ጋሽ ሙላት። «መንገድ ተዘግቶበት ማርቆስ ቀረ።»

«ታዲያ ጽዋ ባለቤት አጥቶ አያድርም። ማን ያነሳዋል?»

ሁሉም እግር እግሩን አየ። የጤፍ አጨዳ ደርሷል፣ ዘመኑም ድግስ የሚያስመኝ ዘመን አልነበረም። ትዕዛዙ ያን ጊዜ ባዶውን ጀሪካን ሊወስድ ብቅ ብሎ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። አባ አዩት።

«ልጄ፣ አንተ ከጠዋት ጀምሮ ስትደክም ነው የዋልከው። ስመ ክርስትናህ ማነው?»

«ኪዳነ ማርያም።»

«እንግዲህ በስሟ ተጠርተሃል። ና፣ ተቀበል።»

የእሱ ሰዎች ለእንዲህ ያለ ቀን የሚሉት አላቸው። «አይገባኝም አባ» ይላሉ፣ ያፈገፍጋሉ፣ ነገሩ በሰላም ያልፋል። ትዕዛዙ ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠና ሁለት እጁን ዘረጋ። ለምን እንደሆነ ኋላ ጠየቅኩት። «ካህን ሲሰጥህ በሁለት እጅህ ተቀበል ብላ ነው እናቴ ያሳደገችኝ። እጄ ተቀበለ፤ እኔ ኋላ ነው የደረስኩት» አለኝ። አባ ጸለዩ። ሰው ሁሉ በልማድ አሜን አለ። አሜን ከተባለ በኋላ ምን ይደረጋል? እትዬ አይናለም፣ የጋሽ ሙላት ሚስት፣ የያዘችውን ብርጭቆ ሳታቀብል መልሳ አስቀመጠችው። ለአባ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። በካህን ላይ ስሕተት ማውጣት ደግሞ ሌላ ኃጢአት ነው።

በማግስቱ ጋሽ ሙላት እኔ ክፍል መጣ። ወንበሩን ሰጠሁት፣ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

«አንተን ይሰማሃል» አለ። «እዚሁ ግቢ ውስጥ ያድርገው። ዳቦውን አይናለም ትጋግራለች፣ ጠላውንም እኛ እንጠምቃለን። ስሙ የእሱ ይሁን። ማንም አይቀየምም።»

«ዳቦውም ጠላውም ቤቱም የእናንተ ከሆነ የእሱ ምኑ ነው?»

«እንግዲህ አንተ ደግሞ ሒሳብህን አታምጣብኝ።» ፊቱን አሻሸ። እሱም ደክሞታል። «እኔ እኮ አላምንበትም ጋሽ እንድሪስ። ዓይን ምን ይበላል? ግን ሴቶቹ አሉ፣ ሕፃናት አሉ። ከነገሩ ጦም እደሩ ይባላል።»

ለትዕዛዙ ነገርኩት። እሱ ለሁሉም ነገር እሺ የሚል ሰው ነው፤ የማይመቸውን ክፍለ ጊዜ ሲሰጡት እሺ፣ የሌላውን ፈተና አርም ሲሉት እሺ። በዚያ ቀን ግን «አይሆንም» አለ። «እናቴ ቤት ነው። ሌላ ምንም አልፈልግም። አንድ ሰው፣ እናቴ ፊት ተቀምጦ፣ የእናቴን ዳቦ ቆርሶ አፉ ውስጥ ይክተት። አንድ ሰው ይበቃኛል።»

«እኔስ? እኔ ስንት ጊዜ በላሁ።»

«እርስዎ አይቆጠሩም ጋሼ፤ የሰው አገር ሰው ነዎት» አለና ትከሻዬን ያዘኝ። እውነቱን ነው፤ አልተቀየምኩም።

እናቱ ስትሰማ አልተደሰተችም። አብረን ነው የሄድነው። እትዬ ጥላነሽ እጇ እስከ ክርኗ ጭቃ ነበር። የነገራትን ሰማችና የምታበጀውን የድስት አፍ ትታ ቁጭ አለች።

«አንተ ልጅ፣ ምን አመጣህብኝ? ባይመጡ ያዋርዱኛል።»

«ይመጣሉ እማ። ጽዋ ነው፣ አይቀሩም።»

«ቢመጡም አይበሉም። ከነአካቴው ባይመጡ ይሻለኝ ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «አንተስ ትልቅ ሰው፣ ዝም ብለህ ታየዋለህ?»

ዝም ብዬ አየሁት። እሷ ግን ነገሩ እንደማይቀር ስታውቅ ጊዜ አላጠፋችም። ቤቱን ከውስጥ ከውጭ ለቀለቀች። ብቅል አበቀለች። ማንም ጠጥቶባቸው የማያውቅ አዳዲስ ዋንጫዎችን ሠርታ ተኮሰች፤ «በተጠጣበት አጠጣችን እንዳይሉ» ነው ያለችኝ። ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች ይባላል፤ እሷ ለራሷ አዲስ ዋንጫ ኖሯት አያውቅም።

ኅዳር አሥራ ስድስት የነቢያት ጾም በገባ በማግስቱ ነው። ጾም በመሆኑ ድግሱ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ዳቦ ነው፤ እኔም ከጠላው በቀር ሁሉንም እበላለሁ። ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም መጡ። አንድም ሰው አልቀረም። ትዕዛዙ እያንዳንዱን ሰው እጅ እየነሳ ሲያስገባ ፊቱ ላይ ያየሁትን አይቼበት አላውቅም፤ ደስታ ነው ልል ነበር፣ ግን የፈራ ሰው ደስታ ነው። አባ ወልደ ሚካኤል መጨረሻ ደረሱ። ግቢው ውስጥ በፀሐይ የተሰጡትን እንስራዎችና ድስቶች ሲያዩ ቆም አሉ። መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እኛ አዩ፣ ወደ ሸክላው አዩ። ከዚያ ገቡ። ሲጸልዩ ድምፃቸው ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

ዳቦው በኮባ ቅጠል የተጋገረ፣ ከሩቅ የሚሸት ነበር። አባ ባርከው ቆረሱት፣ ትዕዛዙ እየዞረ አደለ። እትዬ ጥላነሽ ከጓዳው መጋረጃ አጠገብ ቆማለች። መጀመሪያ እትዬ አይናለም ድርሻዋን ተቀበለች፣ ግንባሯን አስነካች፣ ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ቋጠረችው። «ለልጆቼ በረከት» አለች። ይህ ነውር አይደለም፤ የተባረከ ዳቦ ለልጅ መውሰድ የታወቀ ነው። ቀጥሎ ያለችውም ለልጆቿ ቋጠረች። ቀጥሎ ያለው ልጅ የለውም፤ ለታመመች እህቱ ኪሱ ከተተ። እንዲህ እያለ ዳቦው ዞሮ አለቀ። ወጡ ሲቀርብ አንዱን ጨጓራው አሞታል፣ ሌላዋ ስእለት አለባት፣ ሌላው ከቤቱ ቀምሶ ነው የመጣው። ጠላውን ሁሉም አነሳው፤ ከንፈሩን አስነክቶ መልሶ አስቀመጠው። አባም የራሳቸውን ድርሻ «ለቆሎ ተማሪዎቼ» ብለው በመሐረባቸው ጠቀለሉ።

እኔ በላሁ። መሶቡ ላይ የእኔ እጅ ብቻ ሲመላለስ ይታየኝ ነበር፤ ቢሆንም በላሁ። በአንድ የማኅበር ድግስ ላይ የበላው እስላሙ ብቻ ነው ቢሉኝ ሌላ ጊዜ እስቅ ነበር።

«ተረኛው ማነው?» አሉ አባ ሲያበቃ።

ጋሽ ሙላት መልሱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። «ታረቀ ነው። ባለፈው የተዘለለው ተራ የእሱ ነው። ዛሬም ከማርቆስ አልገባም፣ ሲመጣ ይወስደዋል። እስከዚያ ጽዋው እዚሁ ይቆይ።» ሰው ሁሉ ተነሳ። አመሰገኑ፣ መረቁ፣ ሄዱ። ቸኩለው ነበር፤ አባም ከመቸኮላቸው የተነሳ መቋሚያቸውን ግድግዳው ሥር ረስተውት ሄዱ።

ትዕዛዙ መቋሚያውን አንስቶ ሊያደርስላቸው ሮጠ፣ እኔም እያለከለክሁ ተከተልኩት። ዳገቱን ጨርሰን ከቤተ ክርስቲያኑ ጥድ ሥር ስንደርስ ቆመ። ፊት ለፊታችን፣ ከደጀ ሰላሙ፣ ነዳያኑ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። የማኅበሩ ሰዎች እየፈቱ ይሰጧቸው ነበር። እትዬ አይናለም የነጠላዋን ቋጠሮ ፈታች፣ ለታመመች እህቱ የያዘው ሰውዬ ኪሱን አራገፈ። አንዲት ዐይነ ስውር አሮጊት ዳቦውን በሁለት እጇ ይዛ «እመቤቴ ታኑርላችሁ» እያለች ትበላ ነበር። ምጽዋት ነው። በምጽዋት ማን ይከሰሳል?

ትዕዛዙ መቋሚያውን ወደ እኔ ዘረጋ። «እርስዎ ይስጧቸው» አለና ወደ ቁልቁለቱ ተመለሰ። አልሮጠም፣ ቀስ ብሎ ነው የወረደው።

አባን በር ላይ አገኘኋቸው። መቋሚያቸውን ተቀብለው «ልጁስ?» አሉኝ። «እስከዚህ ድረስ መጥቶ ተመለሰ» አልኳቸው። ወደ ነዳያኑ አዩ። ከዚያ የጠቀለሉትን መሐረብ አዩ።

ታረቀ ከሁለት ቀን በኋላ ከማርቆስ ገባ። ሱቅ በር ላይ አግኝቼው ጽዋውን መቼ ልትወስድ ነው አልኩት። አንገቱን አከከ። «ሚስቴ ደርሳለች እኮ ጋሽ እንድሪስ። ትገላገልና እናያለን።» ከዚያ ኅዳር ሃያ አንድ፣ የጽዮን ዕለት፣ ጋሽ ሙላት ግቢ ውስጥ ዳስ ተተከለ። የምን ድግስ ነው ብዬ ወጣሁ። አዲስ ማኅበር ነበር፤ አዲስ ጽዋ፣ አዲስ የጥልፍ ጨርቅ፣ ሰዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። ታረቀም አለ።

«ማኅበሩን በተናችሁት?» አልኩት ጋሽ ሙላትን ለብቻው ወደ ክፍሌ ጠርቼ።

«ማን በተነ? እመቤታችን በአሥራ ስድስትም በሃያ አንድም ያቺው አንድ ናት። ቀኑን ነው የለወጥነው።» ዐይኔን አላየም። «ልጁን እወደዋለሁ። አንተ ታውቃለህ። ወታደሩ ፊት የቆምኩለት እኔ ነኝ፤ የእኛ ልጅ ነው ያልኩት ከልቤ ነው።»

ይህን ለትዕዛዙ አልነገርኩትም ነበር፤ እሱ ግን በግድግዳው በኩል ሰምቷል። ማታ «እውነቱን ነው» አለኝ። «ለወታደር የእነሱ ነኝ።» በዚያ ቀን ግቢው ውስጥ ወንበር አላወጣም፣ ውሃም አልቀዳም። በማግስቱ ዳሱን ሲያፈርሱ ግን ወጥቶ አገዛቸው። ተናደድኩበት። ምን ሆነህ ነው ስለው «ገመዱን መፍታት አልቻሉም እኮ» አለኝ።

ታኅሣሥ አሥራ ስድስት አብሬው ቁልቁል ወረድኩ። እትዬ ጥላነሽ ያንኑ ያህል ዳቦ ጋግራለች። አግዳሚዎቹን ዙሪያውን ደርድራለች፣ ዋንጫዎቹን አሰልፋለች። ጽዋው መደቡ ላይ፣ በጥልፉ እንደ ተሸፈነ ነው።

«እማ፣ የሚመጣ የለም እኮ» አለ ትዕዛዙ።

«ዐውቃለሁ። ጽዋው እኔ ቤት ነው፤ ምን ላድርገው?»

ተቀመጥን። ትዕዛዙ የተማሪዎቹን ፈተና ይዞ መጥቶ ነበር፣ ማረም ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት አልፎ የደጁ ውሻ ጮኸ። አባ ወልደ ሚካኤል ናቸው፣ ለብቻቸው፣ እስከ ጉልበታቸው አቧራ ለብሰው። ማንም አልጠራቸውም። ሁላችንም ተነሳን። ጸለዩ፣ ባረኩ፣ ዳቦውን ቆረሱ። እትዬ ጥላነሽ ድርሻቸውን በሌማት አቀረበችላቸው። ያዙት፣ ግን ወዲያው አልበሉም።

«ልጄ» አሉ ትዕዛዙን፣ «ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት። ሳላውቅ ሰጥቼህ መከራ ውስጥ ከተትኩህ።»

ትዕዛዙ እስክርቢቶውን ክዳኑ ውስጥ አስገባ። «ቢያውቁ ኖሮስ አባ?»

አባ ጽዋውን አዩ። ዳቦው እጃቸው ላይ ነው። እትዬ ጥላነሽ «አንተ ልጅ» ብላ ልትቆጣው ጀመረችና ተወችው። እሷም መልሱን ትፈልገዋለች።

«በጽዋው ፊት አልዋሽህም» አሉ አባ። «አልሰጥህም ነበር።»

ከዚያ ዳቦውን ቆረሱና አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ጥርሳቸው ያረጀ ነውና ብዙ አኘኩት። ትዕዛዙ ይህን ነበር የተመኘው፤ ዐውቆ የሚበላ አንድ ሰው፣ እናቱ ፊት። አየሁት፣ አልተደሰተም፣ አልተቀየመምም። ዐይኖቹ በእንቅልፍ እንደ ከበዱ ሰው ዐይን ነበሩ። እናቱ ግን አባ እስኪውጡ ድረስ ከጉሮሯቸው ላይ ዐይኗን አልነቀለችም፤ ከዋጡ በኋላ ጠላውን ቀዳችላቸው፣ ጠጡ።

ሲያበቃ ተነሱ። ወጉ ነውና መጠየቅ አለባቸው። በዙሪያው የተደረደሩትን ባዶ አግዳሚዎች አዩ፣ እኛን አዩ።

«ተረኛው ማነው?»

እትዬ ጥላነሽ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «እኛው ነን አባ» አለች። «ሌላ ማን አለ?»

ትዕዛዙ ተነስቶ ሁለት እጁን ዘረጋ። አባ ጽዋውን ከመደቡ አንስተው ሰጡት። ተቀበለ፣ ተሳለመው፣ መልሶ እዚያው መደብ ላይ አስቀመጠው።